የይሻው ተራ

«ሐሙስ ቀጠሮዎ ነው፤ እንዳይቀሩ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች እመቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ከፈንታነሽ ጎን አጎዛው ላይ ተቀምጣለች።

ፈንታነሽ ሐዘን ላይ ናት። ባሏ ይሻው ከተቀበረ ገና የሰልስቱ ማግስት ነው። እዝን ይዘው የመጡት ሴቶች የገብስ ዳቦ እየቆረሱ ያድላሉ፤ ከጉና የሚወርደው ነፋስ የድንኳኑን ሸራ ያርገበግበዋል። እሷ ባሏ ወገቡን ይታጠቅበት የነበረውን ድግ ጭኗ ላይ አጣጥፋ ይዛለች። አንገቷ ላይ ያለውን እንቅርት በነጠላዋ ሸፍናዋለች። ደብረ ታቦር ሄዳ በቀዶ ጥገና እንዲወጣላት ቀጠሮ ያስያዘላት ይሻው ራሱ ነበር።

«አልሄድም» አለች በመጨረሻ። «የሱን ዕጣ በልቼ ልዳን? አልፈልግም።»

«የምን ዕጣ?»

የመለሰው ጎረቤቷ አዳነ ነው። «ይሻው ቡአ ነበረበት፤ አንጀቱ ወደ ብሽሽቱ እየወረደ ያብጥ ነበር፤ ከሰው ደብቆት ነው የኖረው። ጤና መድኑ ለአንድ ቤት አንድ ቀዶ ጥገና ነው የሚያወጣ ብሎ ተራውን ለሷ ለቀቀላት። ዕቁብ ላይስ እንዲህ አልነበረ?»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሻው የዕቁባቸው ዳኛ ነበር። የዘነበች ቤት የተቃጠለ ጊዜ የወጣለትን ዕጣ ለሷ ሰጥቶ፣ እሱ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ከርሟል። ለሰው ሲሆን የማያንኳኳው ደጅ የለም፤ ለራሱ ሲሆን ግን አፉ ይያዛል።

በጥቅምት ወር ከተማ ወርዶ አንድ የግል ክሊኒክ ገባና የቡአ ቀዶ ጥገና ስንት እንደሆነ ጠየቀ። የነገሩት ዋጋ ሁለቱንም በሬዎቹን የሚያሸጥ ነበር። ቤት ተመልሶ ድጉን አጥብቆ ታጠቀና ፈንታነሽን «ይኼ ይይዘዋል» አላት።

«መድኑስ?» ብትለው፣ «የመድኑ ተራ ያንቺ ነው። አንገትሽ ይቅደም፤ የኔ ለከርሞ ይደርሳል» አላት።

አልደረሰም። አንጀቱ ታንቆ በቃሬዛ ሲያወርዱት መንገድ ላይ ሞተ። ድጉን ፈትተው ለሷ ሰጧት።

«ተራ የለውም እኮ!» አለች እመቤት። «እትዬ ፈንታነሽ፣ ጤና መድን ዕጣ የለውም። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ከጻፈ እርስዎም ይታከማሉ፣ እሳቸውም ይታከሙ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ካርድ።»

ዳቦ የሚቆርሱት እጆች ቆሙ።

«ታዲያ እንደ ዕቁብ ነው ያለን ማነው?» አለ አዳነ።

እመቤት አቀረቀረች። መድኑ የመጣ ሰሞን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰው ሰብስባ ብታስረዳ ብታስረዳ አልገባ ሲላቸው፣ «በቃ እንደ ዕቁብ ቁጠሩት» ያለችው እሷ ናት። «አሁን ገባኝ» ብሎ መጀመሪያ የተነሣው ይሻው ነበር። መንደሩ የተመዘገበው እሱን አይቶ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «እንዲገባችሁ ብዬ ነው።»

ፈንታነሽ ያን ጊዜ ተቆጣች፤ በእመቤት ሳይሆን በሟቹ ባሏ ነበር። «አንተ ሰው፣ ብትጠይቃት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል!» እያለች ድጉን በቡጢዋ ደበደበችው። ሴቶቹ ሊይዟት ተነሡ፤ አዳነ ተዉአት ብሎ ከለከላቸው። ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች።

እንባዋን ጠርጋ ወደ እመቤት ዞረች።

«እንግዲያ የሱን አልወሰድኩበትም?»

«አልወሰዱበትም።»

«በከንቱ ነዋ የሞተው።»



ፈንታነሽ ድጉን ዘረጋችው። እሱ ሲያጠብቀው የኖረበት ቦታ ተጨማዶ ቀርቷል። ተነሥታ ቆመችና እሱ ያደርግ እንደነበረው ከሆዷ ዝቅ አድርጋ ታጠቀችው። ጫፉን መቋጠር ግን አቃታት።

«ሐሙስ አብረሽኝ ትወርጃለሽ» አለቻት፤ ጫፉንም አቀበለቻት። «እንኪ፣ አጥብቂልኝ።»

እመቤት ተንበርክካ ቋጠረችላት።