የሆሊስ ወንበር

ኦርቫል ቲግ ሰው የሚያክል የገለባ አሻንጉሊት አንገቱን በሁለት እጁ አንቆ ከወንበሩ ላይ ሊነቅለው ይታገላል። አሻንጉሊቱ ግን ወይ ፍንክች! ወገቡን ከወንበሩ ጋር በሽቦ ጠፍረው አስረውታል። ቁምጣ የለበሰች አንዲት ጎብኚ ከጎኑ ቆማ ስልኳን ደገነችና፣ "እባክዎ ትንሽ ወደዚህ ዞር ይበሉልኝ፤ ፊትዎ አልታየኝም" አለችው።

"ፊቴ ምን ያደርግልሻል?"

"ለፎቶው ነዋ! እንዴት ያምራል መሰለዎት፤ ቁርጥ የድሮ ሽማግሌ!"

ኦርቫል አሻንጉሊቱን ለቀቀው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ የምን ዘመን ሽማግሌ እንዲሆንላት ኖሯል የፈለገችው? ሴትዮዋ ግን መልስ አልጠበቀችም። ፎቶዋን አነሳች፤ ክንዷን አሻንጉሊቱ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ አንድ ሌላ ደገመችና ወደ አሮጌው እስር ቤት ሄደች። እዚያ ደግሞ ሰው በር ተቆልፎበት፣ የብረት ፍርግርግ ጨብጦ፣ እየሳቀ ፎቶ ይነሳል።

"ተቀመጥ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ" አለ ዌንደል ከጠረጴዛው ማዶ። "በጠዋቱ ከአሻንጉሊት ጋር ምን ግብግብ ያስገጥምሃል?"

"ይሄ ራሱ ላይ የደፉበት የሆሊስ ባርኔጣ ነው።"

"አይቼዋለሁ።"

"አይተኸው ነው አጠገቡ ተደላድለህ የተቀመጥከው?"

ዌንደል ትከሻውን ሰበቀ። ዕድሜ ልኩን ደብዳቤ ሲያድል ኖሮ አንድም ውሻ ያልነከሰው ሰው ነው፤ ጠብ የሚባል ነገር አይሆንለትም። ለጎብኚ እንዲያምሩ ቀይ ሸሚዝ ልበሱ ሲባሉ ቀድሞ የለበሰው እሱ ነው። ጎብኚ ሲመጣ ከንፈሩ ላይ ገለባ ሰክቶ ያኝካል። ይሄ ሰው በሕይወቱ ገለባ አኝኮ አያውቅም! ኦርቫል ያን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

በፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ከፔካኑ ዛፍ ሥር ያለው ይህ ጠረጴዛ የአራት ሰዎች ነበር። ጉድጓድ ቆፋሪው ኦርቫልና የከብት መኖ ነጋዴው ሆሊስ በአንድ ወገን፣ ዌንደልና መካኒኩ ኤሊሴዮ በሌላ ወገን ሆነው ዶሚኖ ሲጫወቱ፣ ሲሰዳደቡና ሲታረቁ ነው ያረጁት። ሕግ ብዙም የላቸውም። አንድ የማይጣስ ግን አለ። ተመልሶ የሚመጣ ሰው ወንበሩን ወደ ፊት አዘንብሎ ጠረጴዛው ላይ ያስደግፈዋል፤ ሆስፒታልም ይግባ፣ ልጁ ቤትም ይክረም፣ ያን ወንበር ማንም አይነካውም። ወንበሩን ቀጥ አድርጎ ትቶ የሄደ ግን ቦታውን ለቋል ማለት ነው፤ የፈለገ ይቀመጥበት። በብርዱ ወራት ሆሊስን ስትሮክ መትቶት የአረጋውያን መንከባከቢያ ሲገባ ወንበሩን አዘንብሎ ያስደገፈለት ኦርቫል ራሱ ነበር።

ከዚያ ብርዱ ሲወጣ ጉዱ መጣ። የጎብኚዎች ጽሕፈት ቤት አደባባዩን "ታሪካዊ" አለው። ምስማርና መዶሻ ይሸጥበት የነበረው ሱቅ የሻማ ሱቅ ሆነ፤ ባንኩ አይስክሬም ቤት። በሆሊስ መኖ ቤት አሁን "ጥንታዊ ዕቃ" ይሸጣል፤ ኦርቫል ቆሻሻ ላይ የጣለው ዝገት የበላው ባልዲ አበባ ተተክሎበት መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል። የቀረፋ ሻማውና በስኳር የሚጠበሰው ሊጥ ሽታ ተደባልቆ ገና በጠዋቱ ሆድ ይገለብጣል። ይሁን፣ ሰው ይነግድ። ኦርቫልን ያንገሸገሸው ለጎብኚ በሚታደለው ካርታ ላይ ከእስር ቤቱ ቀጥሎ የእነሱ ጠረጴዛ መውጣቱ ነው። "እውነተኛ የአገሬው ሽማግሌዎች፤ ሲጫወቱ ይመልከቱ፣ ያነጋግሯቸው" ይላል። "ምግብ አትስጧቸው" ማለት ብቻ ነው የቀረው።

ኤሊሴዮ በዚያ በማይለቀው የግራሶ ልብሱ መጣና አሻንጉሊቱን ከላይ እስከ ታች አየው። እሱ ቀዩን ሸሚዝ መኪና መጥረጊያ ካደረገው ቆይቷል።

"ይሄ ማነው?"

"ሆሊስ ነው አሉን" አለ ዌንደል።

"እኔ የማውቀው ሆሊስ ትናንት ሾርባ ሲያጠጡት ነው ትቼው የመጣሁት።"

"እንዴት ነው?" አለ ኦርቫል፣ ወደ ዛፉ እያየ።

"ሄደህ አታየውም? መንገዱን ረሳኸው?"

ኦርቫል አንድ ጊዜ ሄዷል። ገና በሩን ሲያልፍ የመድኃኒት፣ የሽንትና የከረመ ሾርባ ሽታ ፊቱን መታው። ያ በሬ የሚያክል ሆሊስ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ለሀጩ ደረቱ ላይ ይንጠባጠባል። አዝኖ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ኦርቫል ግን ቀፈፈው። የገዛ ወዳጁን ተጸየፈው! እጁን እንኳ ሳይጨብጠው ወጣና መኪናው ውስጥ ቋቅ አለው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ "ነገ" እንዳለ ነው።

"እንደምን አደራችሁ፣ የኔ ጌቶች!" ሼልቢ ነች፤ የጽሕፈት ቤቱ ልጅ፤ ፈገግታዋ ጆሮዋ ድረስ ነው። "እንዴት ነው፣ ወደዳችሁት?"

"ባርኔጣውን ከየት አመጣሽው?" አላት ኦርቫል።

"ባለቤታቸው ወይዘሮ ኔልዳ ናቸው የሰጡኝ። እንዲያውም አለቀሱ። ለማስታወሻ ነው እኮ፣ ጋሽ ኦርቫል።"

"የምን ማስታወሻ? ሰውየው አልሞተም!"

"አይ፣ እሱንማ አውቃለሁ። ግን..."

"ግን ምን?"

"ወንበሩ እንደዚያ ተደፍቶ ሲታይ ፎቶው ላይ አያምርም። ሰዎችም መቀመጥ ይፈልጋሉ፤ ሲከለከሉ ቅር ይላቸዋል። አሁን አብረዋቸው ፎቶ ይነሳሉ፤ ሁሉም ደስ ይለዋል።"

ክፋት የላትም፤ የባሰው ይሄ ነው። ክፉ ብትሆን ሰድቦ ይገላገላት ነበር። ኦርቫል የራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሆሊስን የእንጨት ሳጥን ሳበና ከፈተው፤ ቢያንስ ይጫወቱ። ከአጥንት የተሠሩ፣ በዕድሜ ብዛት ወይበው ቅቤ የመሰሉ ዶሚኖዎች ናቸው፤ ሆሊስ ከአባቱ ነው የወረሳቸው። ገና ሲያፈሳቸው መጉደላቸውን እጁ አወቀው። ቀና ሲል የጎደሉት አሻንጉሊቱ ፊት ተደርድረዋል። አንዱን ሊያነሳ ሞከረ፤ አልነቃነቅ አለው። ሌላውንም ሞከረ።

"ሙጫ ነው" አለች ሼልቢ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ጎብኚ ኪሱ እየከተተ እንዳይሄድ ብዬ ነው።"

"ከሱቅ የተገዛ ጠፍቶ ነው?"

"አሮጌዎቹ ፎቶ ላይ ያምራሉ።"

የኦርቫል ደም ፈላ። "እናንተ ሰዎች አታፍሩም? ሰው ነፍሱ ሳትወጣ ቆዳውን ገፍፋችሁ ገለባ ትሞሉታላችሁ? ነገ ደግሞ የኔን ጥርስ ነቅላችሁ በሻማ ቤቱ መስኮት ስቀሉት! ኤዲያ! ታስጠላላችሁ!"

ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

"ኧረ ተው፣ ኦርቫል!" አለ ዌንደል። "ልጅቷን አታስለቅሳት።"

"እሷን ተዋት" አለው ኤሊሴዮ ኦርቫልን። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "እሷ ቢያንስ አሻንጉሊት አስቀመጠችለት። አንተ ምን አደረግክለት? ወንበር አዘንብለህ እዚህ ተገትረህ ትጠብቃለህ። ሰውየው የታለ? እዚያ ነው! በሄድኩ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። 'ኦርቫልስ?' ይለኛል። ያቺን ስምህን ለማውጣት እንዴት እንደሚያምጥ ብታይ፣ ሰው ከሆንክ ታለቅስ ነበር።"

"ዝም በል፣ ኤሊሴዮ።"

"ዝም አልልም። አንተም እኮ ቀብረኸዋል። ይቺ ልጅ ሐውልቱን ነው ያቆመችው።"

ከሻማው ሽታ ይልቅ አሁን ኦርቫልን የሚያቅለሸልሸው ሌላ ነገር ነው፤ የገዛ ሰውነቱ። መኪናው ውስጥ ቋቅ ያለው ለታ አፉን የጠረገበት እጁ ዶሚኖው ላይ አርፏል። አየው፤ አስጠላው።

ከኪሱ ሰንጢውን አወጣና ከመጀመሪያው ዶሚኖ ሥር ስለቱን አስገባ። ቀስ ብሎ፣ አጥንቱን እንዳይሰነጥቀው እየተጠነቀቀ ፈለፈለው። ተነሳ። ጀርባው ላይ የቀረውን ሙጫ ፍቆ ሳጥኑ ውስጥ ከተተውና ወደ ሁለተኛው አለፈ። ከአይስክሬም ቤት የወጡ ጎብኚዎች ዙሪያውን ከበው ያዩት ጀመር።

"ምን እየሠራ ነው?" አለች አንዷ።

"የአገሩ ልማድ ይሆናል" አለ ባሏ፣ አይስክሬሙን እየላሰ።

የመጨረሻው ዶሚኖ ሲነሳ አጨበጨቡ! አንዱማ አፏጨ። ኦርቫል ቀና ብሎ አያቸው። መሳደብ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ለስድብም ተጸየፋቸውና ሳጥኑን ዘጋው። የሆሊስን ባርኔጣ ከአሻንጉሊቱ ራስ ላይ አነሳ፤ አቧራውን ጉልበቱ ላይ አራገፈ። ሳይወድ የለበሰውን ቀይ ሸሚዝ አውልቆ አሻንጉሊቱ ላይ ጣለበትና በካናቴራ ቀረ።

"መኪናህ ቤንዚን አለው?" አለው ኤሊሴዮ።

"ለደርሶ መልስ አያንስም። ግን ሦስት ሆነን ምን እንጫወታለን?"

"እዚያ አንዲት አሮጊት አለች። ታጭበረብራለች ይሏታል።"

"ዌንደልን ችለን የለ፤ እሷንም እንችላታለን።"

ዌንደል ሳቀ፤ ግን ከመቀመጫው አልተነሳም። አሁንም ከንፈሩ ላይ ያቺ ገለባ አለች። ኤሊሴዮ ብድግ ብሎ እንደ ልማዱ ወንበሩን አዘንብሎ ጠረጴዛው ላይ አስደገፈው።

"ጋሽ ኦርቫል" አለች ሼልቢ ዓይኗን እየጠረገች፣ "የከሰዓቱ አውቶብስ ሙሉ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። ምን ልበላቸው?"

"የታመመ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ በያቸው።"

ሳጥኑን በብብቱ ይዞ፣ ባርኔጣውን በእጁ አንጠልጥሎ ተነሳ። የራሱን ወንበር በእግሩ ገፋ አደረገና በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ትቶት ወደ ፒክአፑ መንገድ ጀመረ። ዌንደል ወንበሩን አየ፤ ገለባውን ከአፉ አወጣ።

"ኦርቫል!" ሲል ከኋላው ተጣራ። "ወንበርህን ሳታዘነብል ረስተኸው ሄድክ እኮ!"

"አልረሳሁትም" አለ ኦርቫል።