ሦስት ባልዲ ቃሪያ

ባለቤቴ ጣሰው በፈረንጆቹ 1996 ኦገስት ላይ ሲሞት፣ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው የስደት ሰፈራችን በነበረው አፓርትመንታችን መስኮት ሥር በሦስት ባልዲ የተተከለ ቃሪያ ትቶ ነበር። ዘሩን ከዓመት ዓመት ራሱ ነው የሚያስቀረው። ግሮቭፖርት ከሚሠራበት መጋዘን ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ብድግ ያደርጋል።

«ቅጠሉን አትይ» ይለኝ ነበር፤ «ውሃ ሲበዛበትም ይጠወልጋል። ባልዲው ሲቀልሽ ብቻ አጠጪ።»

ለቅሶው ላይ የመጣ ሁሉ ሊሄድ ሲነሳ የብርጭቆውን ትራፊ ባልዲዎቹ ውስጥ ይደፋል። ውሃ፣ ሻይ፣ ለስላሳ። ለእኔ አዝነው፣ ሊያጠጡልኝ ነው። ቅጠሉ ጠወለገ፤ ሲጠወልግ ጊዜ ይበልጥ አጠጡት።

«ተጠምቶ እኮ ነው፣ ምስኪን» ይላሉ የቤተ ክርስቲያናችን እናት፣ እትዬ ማንያህልሻል።

«ጠግቧል እትዬ፣ ይተዉት።»

«አንቺ ተቀመጪ። በዚህ ሐዘን ላይ የቃሪያ ነገር ምን አስጨነቀሽ?»

ተቀመጥኩ።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ቤቱ ይሸታል። ገላዬን ስላልታጠብኩ የእኔ መስሎኝ አፍሬ ዝም አልኩ። በስድስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል አንዱን ባልዲ ላነሳ ሞከርኩ፤ አልነቃነቅ አለኝ። ግንዱን ስስበው ተመዞ ወጣ። ሥሩ ቡኒ ሆኗል፤ ልጣጩ እንደ ንፍጥ ጣቴ ላይ ቀረ። አፈሩ ላይ የሻይ ቅጠል፣ የሎሚ ፍሬ፣ የራሰ ሶፍት። ትንንሽ ዝንቦች ፊቴ ላይ ተነሱ። ሁለተኛውም ያው ነው። ከጭቃው ይልቅ ግን ራሴን ተጸየፍኩ፤ ስድስት ቀን ሙሉ እያየሁ በይሉኝታ አፌን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሁለቱን ጣልኳቸው። ሦስተኛው ጥግ ላይ ስለነበር ገና መሽተት መጀመሩ ነው። አንዲት ቃሪያ ቀላ ማለት ጀምራለች። ዘር የሚሆነው የቀላው ብቻ ነው፤ እሷ ከሞተች የጣሰው ዘር አለቀ።

በማግስቱ እትዬ ማንያህልሻል ብርጭቆአቸውን ይዘው ወደ ጥጉ ሲሄዱ ተነሳሁ።

«መጀመሪያ ያንሱት» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ባልዲውን። ከቀለለዎት ያፍስሱ።»

በአንድ እጃቸው ማንጠልጠያውን ሳቡ፤ ባልዲው ከወለሉ አልተላቀቀም። ጎንበስ እንዳሉ ሽታው ደረሳቸውና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«ሞልቷል ለካ» አሉ ቀስ ብለው።

ማፍሰሻ አጡ። ሁላችንም እያየናቸው የተረፈውን ውሃ ራሳቸው ጠጡት።

ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። በሃያኛው ቀን ባነሳው ቀለለኝ፤ ቃሪያዋም ጨርሳ ቀልታለች። አፍንጫዬን ይዤ አጠጣሁት።