ክላክስ ያልነካች እጅ

ልጄ በአገራችን አሥራ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ነድታለች። ቁልቁለት ላይ ወንዶቹ ሳይቀሩ መንገድ ይለቁላት ነበር። እዚህ በመጣንበት አገር መሪው በቀኝ ነው፤ እሱን በሳምንት ለመደችው። ያስቸገራት ክላክሱ ነው። እኛ ዘንድ ክላክስ ሰላምታም ምስጋናም ነው፤ እዚህ ስድብ ነው። ለመንጃ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ተፈትና፣ እግረኛ ፊት ክላክስ እያደረገች ወደቀች። ሦስተኛውን ከወደቀች ቃል የተገባላት የአውቶቡስ ሹፌርነት ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ማዕድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ የድስት ክዳን እንደ መሪ ትይዛለች፤ እኔ እግረኛ ሆኜ ፊቷ እንቀረፈፋለሁ።

«እማዬ፣ ፈጠን በይ እንጂ!»

«አልፈጥንም! ወንድ ከሆንሽ ክላክስ አድርጊና እንተያይ!»

ሳቋን ውጣ ትጠብቀኛለች።

የፈተናው ቀን መፈተኛው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ፈታኙን ይዛ ስትመለስ፣ አንዲት ሴትዮ መሻገሪያው መሃል ቆማ ቦርሳዋን መበርበር ጀመረች። የልጄ እጅ ወደ መሪው መሃል ሲሄድ አየሁ። ነፍሴ ልትወጣ! እጇ ግን ተመልሶ የመሪውን ጠርዝ ያዘ። ሴትዮዋ ቁልፏን እስክታገኝ ጠበቀቻት።

ፈተናውን አለፈች።

«እንዳንቺ የሚንቀረፈፍ እግረኛ የትም የለም» አለችኝ እቅፍ አድርጋ።

ያን ሁሉ ቁልቁለት ስትወርድ እንኳ እንደዚያች ደቂቃ ኮርቼባት አላውቅም። እኔ ብሆን ወርጄ ለሴትዮዋ ልክ ልኳን እነግራት ነበር።