አልላቀቅ ያለው እጅ

የሥጋ ድርጅቱ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከሠራተኛው ጋር ለመተዋወቅ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ድረስ ገባ። ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን አስቀምጦ እጁን ዘረጋ። ጨበጠ፤ መልቀቅ ግን አቃተው። ብርድ ሲመታቸው ጣቶቹ እንደሚቆለፉ ያውቃል። ቢላዋ ሲሆን ዞር ብሎ በሌላኛው እጁ ይፈለቅቃቸዋል፤ የሰው እጅ ግን ጀርባ ተሰጥቶ አይፈለቀቅም።

«ኧረ ልቀቀኝ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። የገዛ ቀለበቱ ጣቱን ቆርጦት ደማ።

«ምነው፣ ሽንጥ መሰለህ እንዴ?» አለ አብሮት የገባው ተቆጣጣሪ። ሠራተኛው ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ሥጋ ቆራጩ፣ ሆን ብሎ አለቃ አቁስሏል ተብሎ ከሥራ ታገደ።

ታላቅ እህቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ በረዶ አስጨብጣ አየችው፤ ደሙንም አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ አስረዳቻቸው። «ጡንቻ የሚኮማተረው ነርቭ ሲያዘው ነው። ትእዛዙ የሚያልፈው እንደ በር በሚከፈትና በሚዘጋ ፕሮቲን በኩል ነው። ያንን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂንህ ስህተት አለበት። በብርድ ጊዜ በሩ በወጉ ስለማይዘጋ ጡንቻህ ቶሎ አይላላም። በዘር ይወርዳል። ከወላጆቻችሁ እንዲህ የሚሆን ነበር?»

እህትና ወንድም ተያዩ። አባታቸውን ሰፈሩ «መዥገር» ይለው ነበር። አንድ ብርዳም ጠዋት ገበያ ላይ ያነሳውን ዕቃ መልሶ ማስቀመጥ ቢያቅተው፣ ሌባ ብለው ቀጥቅጠውታል።

«‹እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም› ብሎ ነበር» አለች እህቱ። «ማን ሰማው!»

የሥጋ ቆራጩ ደም ፈላ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ሐኪሟ ያለችውን አንድም ሳያስቀር ነገረው።

«አምኜሃለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ከብርዱ ወጥተህ መሸጫው ላይ ትሠራለህ። ብቻ ሠራተኛው ፊት ይቅርታ ጠይቀኝና ነገሩ ይብቃ።»

«ካመኑኝ ይቅርታው ለምኑ ነው?»

«አንተ ሰው፣ አትገግም!» አለ አጠገባቸው የቆመው ተቆጣጣሪ። «አንዲት ቃል ምን ትጎዳሃለች? ልጆች አሉህ።»

«ስላሉኝ ነዋ! ጂኑ እነሱ ላይም ወርዶ ይሆናል። ነገ አንዱ በጥፊ ሲላቸው ‹አባታቸውም ጥፋቱን አምኗል› ልትሉ ነው?»

«እኔም እኮ ደምቻለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ደምተዋል። ለዚያ ከልቤ አዝናለሁ። አጥፍቻለሁ ግን አልልም።»

ሥራ አስኪያጁ የቆሰለ ጣቱን አየት አደረገ። «እሺ፣ ይቅርታው ይቅር። ነገ መሸጫው ላይ ግባ።»

«ስታገድ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል። ሕመም መሆኑንም ከእርስዎ አፍ ይስማ።»

«ተወው፤ ሰዉ ራሱ ይረሳዋል።»

ሥጋ ቆራጩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንግዲያው እስኪነገር ድረስ ከዚህ አልነሳም።»