የወጥ ቤቱ በር

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ታላቅ እህት አትወድም። ይሄ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ጎረቤት ያውቃል፣ ራሷ የባልየው እህትም ታውቃለች። ታዲያ ለምን አብረው ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ጥንታዊ ከተማ ገበያ ወጡ? ለልጅቷ ሲባል ነው።

ልጅቷ፣ የልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን አልፋለች። እሁድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ትሂድ ወይም ትቅር ይላል። በዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል የአክስትየዋ ነው፤ በዚያ ከተማ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምራ የተመለሰች ብቸኛዋ ሰው ናትና ሁሉም ምሁሯ ይላታል። ምሁሯ ደግሞ ልጅቷ ለትምህርት አልተፈጠረችም ብላ ፈርዳለች። አንዴ ዓይናፋር ናት፣ አንዴ ጤና የላትም፤ ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ። እናትየው ጥርሷን ነክሳ፣ "እትዬ፣ የመጋረጃ ጨርቅ እንግዛ፤ የተማሩበትንም ያሳዩኝ" ስትላት ባልየው አጠገባቸው ተቀምጦ ስለነበር ምሁሯ እምቢ ማለት አልቻለችም።

ጨርቅ ቤቱ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ አንዱን ሰማያዊ በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ ወደደችው።

"ይሄማ የድሃ ቤት መጋረጃ ነው" አለች ምሁሯ፣ ሻጩ እየሰማ። "አንቺ ከመርፌ ሌላ ምን ታውቂያለሽ!"

ልብስ ሰፊዋ ያንኑ ሰማያዊ ገዛች።

ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ጉብኝት ተጀመረ። የድንጋዩን ቅስት አዩ፣ የሰዓቱን ማማ አዩ።

"የትኛው ክፍል ነበር የሚማሩት?"

"ፈርሷል።"

"ቤተ መጻሕፍቱስ?"

"ዛሬ ዝግ ነው" አለች፣ ተማሪው መጽሐፍ ታቅፎ በሩን እያጨናነቀ። ንቃኝ ነው እንጂ፣ ብላ ልብስ ሰፊዋ በገነች።

ድንገት ዝናቡ ወረደ። ምሁሯ ሳታስበው እጇን ይዛ ከትልቁ አዳራሽ ጀርባ ባለች ጠባብ መተላለፊያ አስሮጠቻት። መጨረሻው ላይ ዝቅ ያለ የብረት በር ነበር። ልብስ ሰፊዋ ገፋችው፤ አልነቃነቅ አለ።

"ወደ ላይ ከፍ አድርጊና ግፊው! በጉልበት አይከፈትም!"

ተከፈተ። ወጥ ቤት ነው። እንፋሎት፣ የድስት ቁልል፣ በግድግዳው ልክ የተደረደረ የዕቃ ማጠቢያ። አንዲት ባልቴት ጭልፋቸውን ጥለው መጡ።

"አንቺ! ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፅሽን አጥፍተሽ! ይኸው ማጠቢያሽ፤ ዛሬም ያንጠባጥባል!" ብለው ምሁሯን አቀፏት።

ምሁሯ ወደ ኋላ ሸሸች። ትከሻዋን በመሀረብ ጠረገች። "ተሳስተዋል እናቴ። አላውቅዎትም።"

የባልቴቷ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። "እኔን? ስትታመሚ ስምንት ቀን ያንቺን ሳህን ደርቤ ያጠብኩትን?"

ልብስ ሰፊዋ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ጠላቷ እጇ ላይ ወደቀች። ግን የባልቴቷን እጆች በሁለት እጇ ያዘች። ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና ምሁሯን አስከትላ ወጣች።

"እትዬ፣ አራቱን ዓመት ሳህን ሲያጥቡ እንጂ ሲማሩ አልነበረም፤ ሳህን ማጠብ ነውር አይደለም" አለች፣ ጣራው ጥግ ቆመው። "ልጄ ግን ምን አደረገችዎት?"

ምሁሯ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። "እዚህ ስትማር አንድ ቀን ምሳ ልትበላ ትገባለች። ያቺ ሴትዮ ደግሞ አፏ አያርፍም።"

"ለዚህ ብለው?"

"ለዚህ ብዬ! ሰው አክብሮሽ አያውቅ፣ ክብር ማጣትን በምን ታውቂዋለሽ?"

"እሁድ ከሁሉም ቀድመው ትሂድ ይላሉ። ካላሉ እኔ አፌን እከፍታለሁ።"

"ጠላሽኝ ማለት ነው።"

"ድሮም እጠላዎት ነበር። ምክንያቱን ዛሬ አገኘሁት።"

እሁድ ምሁሯ ጉሮሮዋን ጠርጋ "ልጅቷ ትሂድ" አለች። ቤቱ በደስታ ተናወጠ። ባልየው፣ "እህቴ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!" ብሎ ግንባሯን ሳማት። ልጅቷም አክስቷ እግር ስር ቁጭ ብላ፣ "እትዬ፣ እዚያ የሚያውቁት ሰው አለ? ማንን ልጠይቅ?" አለቻት።

"ማንንም..." ብላ ጀመረች ምሁሯ።

እናትየው ከሰማያዊው ጨርቅ ላይ ቀና አለች። "ከትልቁ አዳራሽ ጀርባ የብረት በር አለ፣ ልጄ። ከፍ አድርገሽ ግፊው። ውስጥ አንዲት እናት አሉ፤ አክስቴ ሰላም ብለዎታል በያቸው። ባለፈው ሳይሏቸው ነው የመጡት።"