የተላጨው ሆድ

ጀንበሬ ከደረቱ እስከ እምብርቱ ፀጉራም ነው። አባቱም እንደዚያው ነበሩ። ባገሩ ነውር ያለው የለም፤ እንዲያውም የወንድ ምልክት ነው ይሉታል። ጅቡቲ ግን ሌላ ነው። አምቡሊ በሚባለው ሰፈር በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ በሐምሌ ወበቅ፣ ለሚነዳው ከባድ መኪና ጭነት ሲጠብቅ ሰነበተና ላቡ ፀጉሩ ውስጥ እየታቆረ ሆዱ ላይ ሽፍታ አወጣበት። ቀበቶው በነካው ቁጥር ያቃጥለዋል።

ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ፀጉር የሚያስተካክለው ኡበይድ፣ የሐረር ሰው፣ ጀንበሬ ሆዱን ገልጦ ሲያሳየው ሣቀ።

«ጀንበሬ፣ ይሄ እኮ ደጋ የሚለበስ ነው። እዚህ ምን ያደርግልሃል?»

«እናንተ ሃይማኖታችሁ ላጩት ይላል እንዴ?»

«እኛ የታዘዝነው የብብቱንና የታችኛውን ነው። ሆድ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። አንተ ግን እያከክህ ልትሞት ነው። ና፣ ተቀመጥ።»

መጋረጃውን ዘግቶ ላጨው። የማራገቢያው ነፋስ ሆዱን ሲነካው ጀንበሬ ደስ አለው። ደስታው ግን አላደረም። በማግስቱ ፀጉሩ እንደ ታጨደ ማሳ ቆጥቁጦ ይወጋው ጀመር፤ ሽፍታውም ባሰ።

በዚያው ቀን ሚስቱ አፀደ ከድሬዳዋ ደወለች። ልታየው እየመጣች ነው። ይህንን ለሾፌር ጓደኛው ለይሄይስ ሲነግረው፣ ይሄይስ ሆዱን አይቶ አፉን ያዘ።

«ምን ልትላት ነው?»

«ስለ ምኑ?»

«ሾፌር ጅቡቲ ከርሞ ሆዱን ተላጭቶ ተገኘ! ለማን ነው የተቆነጀኸው ብትልህስ?»

ጀንበሬ ይህን አላሰበም ነበር።

አፀደ ስትመጣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጠበቃት። ቤቱ ሲሆን ከወገቡ በላይ ለብሶ የማያውቅ ሰው! ደጋግማ አየችው።

«አሞሃል?»

«ደኅና ነኝ።»

«እንግዲያው አውልቀው። ላብህ ይንጠባጠባል።»

አላወለቀም። ራሷ ቁልፉን ፈታችው። አየችና እጇን ሰበሰበች።

«ማን ናት?»

«ኡበይድ ነው! ፀጉር አስተካካዩ!»

«እንዲያ ነው? ተነሣ፣ ውሰደኝ።»

ኡበይድ አፀደን ሲያይ ብድግ አለ።

«እንኳን ደኅና መጣሽ፣ እህቴ።»

«የባሌን ሆድ የላጨኸው አንተ ነህ?»

ኡበይድ ደነገጠ። በሰው ሚስት ፊት ስለ ወንድ ገላ ማውራት ለእሱ ትልቅ ነውር ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«አስተግፊሩላህ! የእኔ ሥራ ራስና ጢም ነው።»

የጀንበሬ ደም ፈላ።

«ኡበይድ! እዚህ ወንበር ላይ አይደለም እንዴ? ኧረ በፈጠረህ!»

ኡበይድ ፎጣ ማጠፍ ጀመረ።

አፀደ ወደ ባሏ ዞራ ሸሚዙን ገለጠችው። ቀዩን ሽፍታና እዚህም እዚያም ተዘልሎ የቀረውን ፀጉር ትክ ብላ አየች።

«ማንም ትሁን፣ እጇ ይቆረጥ» አለች። «በደነዘ ምላጭ ነው የፋቀችህ። ዶሮ እንኳ እንዲህ አይነጭም።»

ኡበይድ ፎጣውን ወረወረ።

«የማን ምላጭ ነው የደነዘው? አዲስ ነው የከፈትኩለት! ዝም በል ስለው ኮረኮረኝ እያለ የተወራጨው እሱ ነው!»

ወዲያው አፉን በእጁ ከደነ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

አፀደ የባሏን ሸሚዝ ከታች ወደ ላይ ቆለፈችለት።

«በል እንሂድ» አለች። «እስኪበቅል ድረስ ግን እንዳታክ።»

ጀንበሬ ሊስቅ ፈለገ፤ ሆዱ እየበላው አልቻለም።