ደረቁ ካርቶን

አሮጊቷ ሲነጋ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ የሚያዩት ካርቶኑን ነው። ባላቸው ያስለመዷቸው ነገር ነው፤ ማታ መኪናዋ ሆድ ሥር ካርቶን ይዘረጋል፣ ጠዋት ይታያል። ጠብታው ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት፣ አረንጓዴ ከሆነ የራዲያተር ውሃ። ባልየው አፈር ከለበሱ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ ካርቶኑ ግን አንድም ቀን አልታጎለም።

መኪናዋን አሁን የምትነዳው የልጅ ልጃቸው ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ በጉያቸው ያሳደጓት፣ ቁልቁለቱ ግርጌ ያለው ትምህርት ቤት የምታስተምር።

«እማማ፣ ዛሬስ ታማሚሽ እንዴት አደረች?» ትላለች የመኪናዋን ጣሪያ መታ መታ እያደረገች።

«ተይ አትቀልጂ! በዕድሜ ሁለት እጥፍሽ ናት፤ አክብሪያት።»

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ የፍሬን ዘይቱ ከመስመሩ አንድ ጣት ወርዷል። ካርቶኑን አገላብጠው አዩት፤ ደረቅ ነው። ሰፈሩ «ጆሮው» የሚለው፣ የሞተር በሽታ በድምፅ ብቻ የሚያውቀው የባላቸው ወዳጅ መካኒክ፣ ባለፈው ሲያያት «ለጊዜው ደህና ናት። ደግማ ከታመመች ግን ለቁርጥራጭ ብረት ሽጧት» ብሏል። ከተሸጠች ደግሞ ልጅቷ አመሻሽ ላይ ያንን ጭር ያለ ዳገት ብቻዋን በእግሯ ልትወጣ ነው። ባላቸው መደርደሪያ ላይ የተዉትን ጠርሙስ አምጥተው እስከ መስመሩ ሞሉ።

ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በሳምንቱ ደግሞ ጎደለ፤ ደግሞ ሞሉ። ጠርሙሱ ሲያልቅ ሌላ ገዙ። ካርቶኑ እንደሆነ ደረቅ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ምን ክፉ ነገር ይመጣል?

ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ብትረግጥ ፔዳሉ ምንም ሳይዝ እስከ ወለሉ ወረደ። ሰው እንዳትገጭ መሪውን ወደ ድንጋዩ ግንብ ጠመዘዘች። ነፍሷ ተረፈች፤ ግራ እግሯ ግን ሦስት ቦታ ተሰበረ።

የተጨማደደችውን መኪና ጎትተው ግቢ ሲያስገቧት የአሮጊቷ ወንድ ልጅ የመካኒኩን፣ የጆሮውን፣ ኮሌታ ጨምድዶ ያዘ።

«ደህና ናት ያልከው አንተ አይደለህም? በል ንገረኛ!»

«መጀመሪያ ልያት፤ ከዚያ አንቀኝ» አለ ጆሮው። ተንበርክኮ የኋላ ጎማዋን ፈታ። የፍሬኑ ሸራ በዘይት ርሷል። «ዘይቱን የምታግደው ጎሚኒ፣ ትንሿ ላስቲክ፣ ተበልታ ተበልታ በመጨረሻ ለቃለች። ጎማው ውስጥ ሲጠራቀም ነው የከረመው፤ መሬት ጠብ አይልም። ግን እኮ ሲጎድል መሪው ፊት ያለችው ቀይ የፍሬን መብራት ትበራ ነበር። ሰው እየሞላ ካልደበቃት በቀር…»

«አሁን ደግሞ በልጅቷ ልታላክክ ነው? አርጅተሃል፣ ጆሮህም ደንቁሯል! ከዛሬ ወዲህ ሰው መኪና ቢሰጥህ እኔ አይደለሁም በለኝ!»

አሮጊቷ በረንዳው ላይ ኩርምት ብለዋል። ባላቸው አርባ ዓመት ሙሉ ሲደጋግሙት የኖሩት ነገር ጆሯቸው ላይ አቃጨለባቸው፦ «የሞተር ዘይት ቢጎድል ጨምሩ፤ የፍሬን ዘይት ቢጎድል ግን ወዴት ሄደ በሉ።» እሳቸው የጠየቁት ካርቶኑን ብቻ ነበር። አሁን ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። የሰውዬው እንጀራ ግን ይዘጋል።

«ልቀቀው፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ የሞላሁት።»

የልጃቸው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። እናቱን ግን ቀና ብሎ አላያቸውም። ጆሮው «ምነው፣ እትዬ…» ብሎ መፍቻውን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፣ የሌለበትን እድፍ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደው ለልጅቷም በገዛ አፋቸው ነገሯት፤ ዳገቱን፣ ጨለማውን፣ ጠርሙሱን። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው።

«እማማ» አለች ልጅቷ፣ «ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ በእግሬ እመጣ ነበር።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሮጊቷ የብርድ ልብሱን ጫፍ አንስተው መልሰው ሸፈኗት።